አባቷ ካዳት፣ ቢሮዎቹ ደግሞ አመላለሱኝ

ደብዳቤው የመጣው ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ አካባቢ ነው። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ። ማንነትን የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በስፌት እሠራለሁ። ከአንድ ሰው ጋር ሳንጋባ 1 ዓመት ከ8 ወር አብረን ኖረናል። ቤቱን የተከራየነው አብረን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ባልና ሚስት ነበር የሚለን። ምጥ ሲይዘኝ ሆስፒታል የወሰደኝ እሱ ነው። ለኦፕራሲዮን የፈረመውም እሱ ነው። ልጃችን 4 ወር ሲሞላት ጥሎን ወጣ። መጀመሪያ በቴሌብር ትንሽ ትንሽ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ተወው። ስጠይቀው ‹የኔ መሆኗን በምን አውቃለሁ?› አለኝ። አሁን 2 ዓመት ሊሞላት ነው። እሱ በአንድ ድርጅት ሾፌር ነው፤ ባጃጅም አለው።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ‹እዚህ መንግሥት ራሱ አባትየውን ፈልጎ፣ አስመርምሮ፣ ከደሞዙ ቆርጦ ይሰጣል፤ አንቺም መንግሥት ጋ ሂጂ› አለችኝ። ሄድኩ። ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ‹ፍርድ ቤት ሂጂ› አሉኝ። ቀበሌ ‹አባትየው ካልመጣ ስሙን አንጽፍም› አሉኝ። ፖሊስ ‹ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው› አለኝ። አሁን ደግሞ እህቱ ቤቴ መጥታ ‹30,000 ብር እንስጥሽና ሁለተኛ አልጠይቅም ብለሽ ፈርሚ› አለችኝ። ደክሞኛል። ልፈርም ወይ? የትኛው ቢሮ ነው ለልጄ አባት የሚሰጣት?»

እህቴ፣ ከ30,000ው ብር ልጀምር፤ አጣዳፊው እሱ ነው። አትፈርሚ።

አትፈርሚ ያልኩሽ ስለ ኩራት ብዬ አይደለም። መብቱ ያንቺ ስላልሆነ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለውም እዚያው ተጽፏል። ያንን መብት አንቺ ትጠብቂላታለሽ እንጂ አትሸጪባትም።

ሒሳቡንም እንሥራው። 18 ዓመት እስኪሞላት 16 ዓመት ቀርቷታል። 16 ዓመት 192 ወር ነው። 30,000 ብር ለ192 ወር ሲካፈል በወር 156 ብር ገደማ ይመጣል። አንቺ የወተቱን ዋጋ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ይህ ገንዘብ ለሳምንት እንኳ አይበቃም።

እህትየው ይህን ስትል ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነበር? አከራይሽ ወይም ጎረቤት ሰምቶ ከሆነ ስሙንና ቀኑን ማስታወሻ ላይ ጻፊ። ገንዘብ ልስጥ ማለት ብቻውን አባትነትን አያረጋግጥም። ግን አላውቃትም የሚባልን ልጅ ጉዳይ በገንዘብ ለመጨረስ ቤት ድረስ መምጣታቸው ዳኛ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነው።

የአክስትሽ ልጅ አልዋሸችሽም። ያየችውን ነው የነገረችሽ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ። በዚያ መሠረት እያንዳንዱ ግዛት የልጅ ቀለብ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት አለው። በቴክሳስ ሥራው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ነው። እሷ ባለችበት ቨርጂኒያ ደግሞ በማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሥር ነው። እናትየዋ ታመለክታለች፣ መዝገብ ይከፈትላታል። መሥሪያ ቤቱ የጠፋውን አባት ያፈላልጋል። አባትነቱ ካልታወቀ የዲኤንኤ ምርመራ ያስደርጋል። ቀለቡ ሲወሰን ለአሠሪው ይጽፋል፤ አሠሪው ደሞዙ እጁ ሳይገባ ቆርጦ ያስቀራል። አልከፍልም ያለ ሰው ከግብር የሚመለስለት ገንዘብ ይያዝበታል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ይከለከላል። እዚያም ቢሆን የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ የመንግሥት ጠበቃ እንጂ የእናትየዋ ጠበቃ አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

እኛ ጋ እንዲህ ሁሉን ጠቅልሎ የያዘ አንድ መሥሪያ ቤት የለም። ሥራው ተከፋፍሏል። ቀበሌው ይመዘግባል። ሴቶችና ሕፃናት ያማክራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ዐቃቤ ሕግ ወንጀሉን ያያል። አባት ነው ብሎ የሚወስነውና ቀለብ የሚቆርጠው ግን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ፋይሉን ተሸክማ የምትሄደው ደግሞ እናት ናት። ይሄ ልክ ነው እያልኩሽ አይደለም። ልጅ አዝላ፣ ከፈረቃ ፈቃድ ለምና የምትመጣን ሴት አንድ ሰው እንኳ ቁጭ አድርጎ መንገዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለመንገሩ ያናድደኛል። ሦስቱም ቢሮዎች የነገሩሽ ነገር በየራሱ ውሸት አልነበረም። ግማሹን ነው የነገሩሽ።

ስለዚህ ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሚቀድመውን እንለይ። ቀለብ የሚከፍለው አባት ነው። እሱ ደግሞ አባትነቱን ክዷል። ስለዚህ ክስሽ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ አባትነቱ በፍርድ ይታወቅልኝ፣ ቀለብም ይቆረጥልኝ። ሁለቱን በአንድ ማመልከቻ እንዲያቀርብልሽ ክሱን የሚጽፈውን ሰው ጠይቂው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲታዘዝም አብረሽ ጠይቂ። መፍቀድ አለመፍቀዱ የዳኛው ነው፤ ያልተጠየቀ ግን አይሰጥም።

የቤተሰብ ሕግን በተመለከተ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ያወጣሉ። ስለ አባትነትና ስለ ቀለብ ያለው መሠረተ ሐሳብ ግን ተቀራራቢ ነው። እኔ በፌዴራሉ አስረዳሻለሁ፤ የክልሉን አንቀጽ ባለሙያው ያስገባልሻል።

ያንቺን ጉዳይ ሳነበው መጀመሪያ ያየሁት አብሮ መኖራችሁን ነው። ሕጉ «ጋብቻ ሳይፈጸም እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» የሚለው ነገር አለ። በዚህ ግንኙነት ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ አብሯት የኖረው ሰው ነው ብሎ ሕጉ ይገምታል። የሕግ ግምት ይባላል። ተራ ግምት እንዳይመስልሽ። አብሮ መኖራችሁን ካስረዳሽ ልጅቷ አባት አላት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አይደለሁም የሚል ከሆነ የማስረዳቱ ጣጣ ወደ እሱ ይዞራል። ለመካድም ቢሆን ሕጉ የጊዜ ገደብ አለው። በስልክ «በምን አውቃለሁ» ማለት ክህደት አይባልም።

አብሮ መኖር የሚረጋገጠው በሰው ነው። ባልና ሚስት ስትባሉ የሰማው፣ ቡና ስታፈሉ የመጣው፣ ወር ሲደርስ ኪራይ ከእሱ እጅ የተቀበለው ሰው። አከራይሽ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ዝምድና የላቸውም፣ ጥቅምም የላቸውም። የኪራይ ውል በጽሑፍ ካለ፣ የእሱ ስም ካለበት፣ ወርቅ ነው። እድር ገብታችሁ ከነበረ መዝገቡ ላይ በማን ስም እንደተጻፋችሁ ጠይቂ።

ይሄ እንኳ ባይሳካ ሌላ በር አለ። የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 143 አባትነት በፍርድ ሊታወጅ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አስገድዶ መድፈር ወይም ጠለፋ አለበት። በጋብቻ ተስፋ ማታለል አለበት። በእርግዝናው ጊዜ የቀጠለ ግንኙነት ኖሯቸው አብረው የኖሩ ከሆነም ይቆጠራል። ላንቺ የሚጠቅሙሽ ሁለቱ ግን እነዚህ ናቸው፦ አባትነቱን በማያጠራጥር ሁኔታ የሚያሳይ እሱ የጻፈው ነገር ካለ፣ እና እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግና ቀለብ ተሳትፎ ከነበረ።

አሁን ወደ ቴሌብሩ እንመለስ። በደብዳቤሽ አንድ መስመር ብቻ ነው የሰጠሽው፤ ለእኔ ግን የመዝገብሽ ልብ እሱ ነው። በየወሩ ስንት ላከ? ከማን ስልክ? ብሩን ሲልክ ቴክስት አድርጎልሽ ነበር? «የልጄን ወተት ግዢበት» የሚል አንድ መልእክት ካለሽ፣ ያ መልእክት ከአሥር ሽማግሌ ይበልጣል። «የልጄ» የሚለውን ቃል የጻፈው እሱ ነዋ። ስክሪኑን ፎቶ አንሺው፤ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ። ስልኩን አትሽጪ፣ አትቀይሪ፣ መልእክቱን አታጥፊ። የገንዘብ ዝውውሩን ዝርዝር ከቴሌ፣ በባንክ ከነበረ ከባንኩ ጠይቂ፤ እንቢ ካሉሽ ፍርድ ቤቱ በትእዛዝ ያስቀርበዋል።

ሆስፒታሉም አለ። አሜሪካ ያላገቡ ጥንዶች ልጅ ሲወልዱ አባትየው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ አባትነቱን አምኖ የሚፈርምበት ቅጽ ይቀርብለታል። እኛ ጋ አባት ሆስፒታል ውስጥ የሚፈርመው ለኦፕራሲዮን ነው። ያ ፊርማ አባትነትን አያውጅም። ሆኖም ማን ብሎ ፈረመ? ካርዱ ላይ «ባል» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ ለሆስፒታሉ ትእዛዝ ጽፎ ካርድሽን እንዲያስቀርብ አመልክቺ። የእርግዝና ክትትል ካርድሽም መቼ እንደፀነስሽ ያሳያል፤ ያ ጊዜ አብራችሁ የኖራችሁበት ጊዜ መሆኑን ያገናኝልሻል። የክትባት ካርዷንም አውጪና እዪው። አብራችሁ ይዛችኋት ሄዳችሁ ከነበረ የአባት ስም የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ ተመልከቺ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የዛሬ ብዙ ዓመት ከታናሽ እህቴ ጋር በዚሁ መንገድ ሄጃለሁ። ክረምቱን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። አንድ ቢሮ የሆስፒታል ካርዷን ኦሪጅናሉን «አምጪ» ብሎ ተቀበለን። ኮፒ አላደረግንም። ከሁለት ወር በኋላ ስንመለስ «እኛ ጋ የለም» አሉን። እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ቀን የተማርኩትን ላንቺ ልስጥሽ፤ ለማንም ኦሪጅናል አትስጪ። አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ። ኮፒ የተቀበለሽን ሰው ስምና ቀን ጻፊ። ሁሉንም በአንድ ፋይል ያዢ፤ ፌስታል ውስጥ ይቀደዳል፣ ዝናብም ይመታዋል።

ዲኤንኤን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሱ ስለሆነ ትፈሪ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ምርመራ ሊያዝ ይችላል። ግን «ዲኤንኤ ከሌለሽ መክሰስ አትችዪም» የሚልሽን አትስሚ። ክስ የሚጀመረው በምስክርና በሰነድ ነው። እሱ ከተከራከረ አንቺ ራስሽ «ይመርመር» በይ። እርግጠኛ የሆነች እናት ምርመራን አትፈራም። ያንቺም ደብዳቤ የእርግጠኛ ሰው ደብዳቤ ነው።

ቀበሌው የነገረሽ እንዲህ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ያንቺ አልፏል፤ ቢሆንም ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል። አባትየው ሳይቀበል ወይም ፍርድ ሳይኖር ስሙን አለመጻፋቸው ትክክል ነው። ልጅቷን በአባትየው ምክንያት ሳትመዘገብ ማቆየት ግን ትክክል አይደለም። አንቺ እናቷ ነሽ። «የአባቷ ነገር ፍርድ ቤት ነው፤ ልጄን ግን መዝግቡልኝ» በያቸው። ፍርዱ ሲመጣ ይዘሽ ሄደሽ በመዝገቡ ላይ ይሠፍራል። መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ የልደት ሰርተፍኬት ይጠየቃል፤ ያን ቀን መሯሯጥ የለብሽም።

እሱ ልቡ ቢመለስ አጭሩ መንገድም እዚያው ነው። አባት ልጅነትን መቀበል የሚችለው በጽሑፍ ነው፤ በክብር መዝገብ ሹም (ልደትን በሚመዘግበው ሹም) ፊት፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ፣ ወይም በኑዛዜ። በሽማግሌ ፊት «አዎ የኔ ናት» ብሎ ምሎ መሄድ አይበቃም። ሽማግሌ ከመጣ አክብረሽ ተቀበዪ፣ አነጋግሪ። ግን ስምምነቱን ፍርድ ቤት ወስዳችሁ አስመዝግቡት። ያለዚያ ሁለት ወር ከፍሎ ሲያቆም የምትይዢው ነገር አይኖርሽም።

ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ተመልሰሽ ሂጂ። አሁን የምትሄጂው «አባት ስጡኝ» ለማለት አይደለም። ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ለነፃ የሕግ ድጋፍ የሚልኩልሽ ደብዳቤ፣ አቅም እንደሌለሽ የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ እንድታገኚ ድጋፍ፣ ለፍትህ ጽሕፈት ቤቱም ግልባጭ። ለይተሽ ስትጠይቂ ለይተው ይመልሱልሻል።

ጠበቃ ለማቆም ብር እንደሌለሽ አውቃለሁ። ሐዋሳ በዚህ በኩል አልከፋችም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክስ ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች በነፃ በመቆም የታወቀ ነው። የዳኝነት መክፈያ ካጣሽ «በደሃ ደንብ» ክስ ማቅረብ ይቻላል። ስሙ እንዳያሳፍርሽ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የተጻፈ መብት ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጋር ዝም ብለሽ አትሂጂ። አንዳንዶቹ ጎበዞች ናቸው፤ ሌሎቹ ግን «ቀለብ ይቆረጥልኝ» ብቻ ጽፈው አባትነቱን ይረሱታል። እሱ ከተረሳ እንደገና ከዜሮ ነው የምትጀምሪው።

ፖሊሱ ፍትሐ ብሔር ነው ያለሽ ለአሁኑ ደረጃ እውነት አለው። ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ሕግ የጣለበትን ቀለብ ያለ በቂ ምክንያት የሚነፍግ ሰው በአቤቱታ ይከሰሳል፤ ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅም ይሠራል። እኔ በዚህ ጀምሪ አልልሽም። የታሰረ ሾፌር ደሞዝ የለውም፤ ደሞዝ ከሌለው ልጅሽ ወተት የላትም። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ እያለው ሆን ብሎ ካልከፈለ ግን ይህ በር እንዳለ እወቂ። እሱም ይወቀው።

የቀለቡ መጠን በሁለት ነገር ይለካል፤ በልጅቷ ፍላጎትና በእሱ አቅም። ፍላጎቷን ዳኛው እንዲያይ አንድ ወረቀት ላይ የአንድ ወር ወጪዋን ጻፊ። ወተት፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ ለሚጠብቃት ሰው የምትከፍዪው፣ ከኪራዩ የሷ ድርሻ። አታጋንኚ፣ አትቀንሺም። የእሱን አቅም ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከድርጅቱ የደመወዝ ማረጋገጫ እንዲያስቀርብ ጠይቂ። ባጃጁንም አትርሺ። የታርጋ ቁጥሩን ጻፊ፣ በየትኛው ማኅበር እንደሚሠራ ጠይቂ፤ በማን ስም እንደተመዘገበ ፍርድ ቤቱ ከትራንስፖርት ቢሮ ያጣራል። ሐዋሳ ከተማ ባጃጅ ያለው ሰው «ገቢ የለኝም» ሲል ዳኛውም ከተማውን ያውቀዋል።

ብዙ እናቶች የሚወድቁት ከፍርዱ በኋላ ነው። ፍርዱን ተቀብለው፣ ደስ ብሏቸው ቤት ይገባሉ። እሱ አይከፍልም። እነሱም ሕጉ አይሠራም ይላሉ። እኛ ጋ ፍርድ በራሱ አይሄድም። የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት አለብሽ። የፍርዱን ግልባጭ አያይዘሽ «ድርጅቱ በየወሩ ከደመወዙ ቆርጦ በሂሳብ ቁጥሬ ያስገባልኝ» ብለሽ ታመለክቻለሽ። ፍርድ ቤቱ ለድርጅቱ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ከሱ ጋር በስልክ መለማመጥ ያበቃል፤ ገንዘቡ በደሞዝ ቀን ራሱ ይመጣል። የአክስትሽ ልጅ «መንግሥት ይቆርጣል» ያለችው ነገር እኛም ጋ አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ የምታስጀምሪው አንቺ መሆንሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስለዚህ ቀሪ ካለ ከባጃጁ ገቢ እንዲታሰብ ጠይቂ።

ሥራ ቢለቅስ? ይለቅ ይሆናል፤ አንዳንዱ ከልጁ ለማምለጥ ሥራ ይለቃል። ሥራ መልቀቅ አባትነትን አያስለቅቅም። አዲስ አበባ ቢሄድም ፍርዱ አብሮት ይሄዳል። የመሥሪያ ቤቱን ለውጥ እንደሰማሽ ለአፈጻጸሙ ችሎት አመልክቺ። ደሞዙ ሲያድግ ወይም የልጅቷ ወጪ ሲጨምር፣ ትምህርት ቤት ስትገባ ለምሳሌ፣ ቀለቡ እንዲሻሻል መጠየቅ ትችያለሽ።

መዘግየት ግን ያስከፍላል። በቤተሰብ ሕጉ መክፈያው ከደረሰ በኋላ 3 ወር ሳይጠየቅ የቆየ ውዝፍ ቀለብ፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር ይቀራል። ስለዚህ ፍርድ ከተሰጠሽ በኋላ «ትንሽ ልታገሠው» አትበዪ። አንድ ወር ሲያልፍ በሁለተኛው አመልክቺ።

አንድ ደስ የማይል ነገርም ልንገርሽ፤ በኋላ «ለምን አልነገርሽኝም» እንዳትዪኝ። አባትነቱ ሲታወቅ ግዴታ ብቻ አይመጣበትም፣ መብትም ይመጣለታል። ልጄን ልይ ሊል ይችላል። ፍርድ ቤቱ የጉብኝት ጊዜ ሊወስን ይችላል። ልብሽ እንደተቆረጠ ከደብዳቤሽ አይቻለሁ፤ ቢሆንም ለዚህ ከአሁኑ ተዘጋጂ። ልጅቷም በበኩሏ ስሙን ታገኛለች፣ እንደ ሌሎች ልጆቹ እኩል ትወርሰዋለች። «የትኛው ቢሮ ነው ለልጄ አባት የሚሰጣት» ብለሻል። አባት የሚሰጥ ቢሮ የለም። ስሟንና ቀለቧን የሚሰጣት ፍርድ ቤት ግን አለ።

እስከዚያው እህትየው ድጋሚ ብትመጣ በር ላይ አትጣዪ፤ ቡና ጠጥታ ትሂድ። ወረቀት ካወጣች «ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው» በያት። ቀኑንም ጻፊ።

ሰኞ የእረፍት ቀንሽ ከሆነ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የሕግ ድጋፍ ማዕከል ሂጂ። መታወቂያሽን፣ የክትባት ካርዷን፣ የእርግዝና ካርድሽን፣ የኪራይ ውሉን ካለ፣ የአከራይሽንና የሁለት ጎረቤት ስምና ስልክ ያዢ። ሁሉንም በሁለት በሁለት ኮፒ። ተራው ቢረዝም ተስፋ አትቁረጪ፣ ለልጅቷ የሚበላ ያዢላት። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፤ ከፈለግሽ ክሱን ከማስገባትሽ በፊት አብረን እናነበዋለን።

የቴሌብሩን መልእክት ግን ሰኞን አትጠብቂ። ዛሬ ማታ፣ ልጅቷ ስትተኛ፣ በሌላ ሰው ስልክ ፎቶ አንሺው።